ሲሪንቃ ላይ የሚበራው መብራት

ከወልዲያ መርሳ የምመላለስበትን ሚኒባስ ስገዛው ጣሪያው ላይ አራት ሃሎጂን አምፖሎች ነበሩት። የቀድሞው ባለቤት ምን ነክቶት እንዳስገባቸው እንጃ። ሲበሩ እንደ ምድጃ ይግላሉ፤ የአንዱንማ የፕላስቲክ ክዳን አቅልጠው አጣመውታል። ባትሪውንም ጭልጥ አድርገው ነው የሚጠጡት። ሁለት ጠዋት መነኸሪያ ውስጥ በሰው ግፊ ከተነሣሁ በኋላ ተናድጄ ፊውዙን ነቀልኩና ተገላገልኩ። ከዚያ ወዲያ ሲመሽ የምንጓዘው በጨለማ ነበር።

ተሳፋሪው አጉረመረመ። እግር ይረጋገጣል፣ ነጠላ ይጠፋል፣ የሰው ዘንቢል ይዞ የሚወርደውም አልጠፋም። እኔ ግን፣ እውነቱን ልናገርና፣ ጨለማውን ወድጄው ነበር። እህቴ ከኋላ ትቀመጥ ነበራ።

ታላቄ ናት። እናታችን የታመመች ጊዜ እሷ ናት ጸበል ያስገባቻት። በዘጠነኛው ቀን ሄጄ ሳያት እናቴ ከስታ አልቃለች። ደሜ ፈላ። ከማንም ሳልመክር ተሸክሜ አወጣኋትና ወልዲያ ሆስፒታል አስተኛኋት። በሦስተኛው ቀን ዐረፈች። እህቴ አስከሬኑ ፊት ቆማ «ሱባኤዋን ሳትጨርስ አውጥተህ ገደልካት» አለችኝ። እኔስ መች ዝም አልኩ፤ «ቀድሜ ባወጣት ኖሮ ትድን ነበር» ብዬ መለስኩላት። ከቀብሩ ወዲህ አንድ ቃል ሳንነጋገር ይኸው ዓመት ሊሞላን ነው።

ማክሰኞ ማክሰኞ ከመርሳ ብርቱካንና ፓፓያ ይዛ ወልዲያ ገበያ ትወጣለች። ወደ ማታ የመጨረሻው መኪና የኔ ስለሆነ ምርጫ የላትም። የኋላ ወንበር ላይ ጥጓን ይዛ ትቀመጣለች። ሰፈሯ ስንደርስ እንኳ «ወራጅ አለ» አትልም፤ አጠገቧ ያለውን ሰው ጎሸም አድርጋ ታስብላለች። ይህ ነገር ቆሽቴን ያሳርረዋል። እኔም ብሼ፣ የት እንደምትወርድ እያወቅኩ፣ «ወራጅ አለ» ካልተባለ ፍሬን አልይዝም። ትልልቅ ሰዎች ነን እንግዲህ።

መብራቱን እንዳስብበት ያደረጉኝ ከግራና ከተማ የሚመጡ አንድ ሽማግሌ ናቸው። ማክሰኞ በመጣ ቁጥር ከጀርባዬ ነው የሚቀመጡት። «ምነው ልጄ፣» አሉኝ አንድ ቀን፣ «እንደምን አመሻችሁ የምንባባልበት መብራት እንኳ የለህም? እንደ እህል ተጭነን ዝም ብለን እንውረድ?»

በእኛ ቤት መብራት ሲበራ እንደምን አመሻችሁ መባባል ሕግ ነበር። እናታችን ኩራዙን ለኩሳ ትጠብቃለች፤ ተኮራርፈንም ቢሆን ካልተባባልን ራት አይቀርብም። እህቴ ግንባሯን ቋጥራ፣ እኔን ላለማየት ግድግዳውን እያየች «እንደምን አመሸህ» ስትለኝ አሁንም ይታየኛል።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ የነቀልኩትን ፊውዝ መልሼ ሰክቼ ጣሪያውን ፈታሁ። ባለሱቁ ያደነቀልኝን ነጭ ኤልኢዲ አምፖል ገዝቼ ነበር። ሃሎጂኑ እንዳሻህ ብትሰካው ይበራል፤ ይህኛው ግን ፖዘቲቭና ኔጌቲቩን ካልለየህለት ጭጭ ነው። ባለሱቁን ስረግመው ቆይቼ ገልብጬ ብሰካው ቦግ አለ። ባትሪው መብራት መኖሩንም አያውቅ። በራሴ ኮራሁ።

ማክሰኞ መንገዳችን ላይ ያለችውን ሲሪንቃን ስናልፍ ዐይን ያዝ አደረገ። አበራሁት። እንደምን አመሻችሁ ያለ ሰው የለም። ሁሉም ዐይኑን ጨፈነ። ሽማግሌው መዳፋቸውን ግንባራቸው ላይ ጋርደው «ልጄ፣ ሆስፒታል አስገባኸን እኮ» አሉ። መኪናው በሙሉ ሳቀ። እኔም ልስቅ ስል በስፖኪዮው እህቴን አየኋት። ነጠላዋን እስከ ዐይኗ ስባ ተሸፍናለች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል።

እናታችን ያረፈችበት ክፍል መብራት ልክ እንዲህ ነጭ ነበር። እኔ መድኃኒት ፍለጋ ከተማውን ስዞር ሦስቱንም ቀን እዚያ መብራት ሥር፣ አልጋው አጠገብ መሬት ላይ የተቀመጠችው እሷ ናት። ተቆጥታብኝ እያለ እንኳ ከእናቷ አልተለየችም። ዓመት ሙሉ የራሴን ሐዘን ሳዳምጥ ይህን አንድ ቀን አስቤው አላውቅም። አፈርኩ። መብራቱን አጠፋሁትና እስከ መርሳ በጨለማ ነዳሁ።

በማግስቱ ነጮቹን ነቀልኳቸው። ቢጫ የሚያበራ ኤልኢዲ ፍለጋ ሱቅ ለሱቅ ዞርኩ። «ቢጫ ማን ይገዛል ብለህ ነው፣ ሰው ድምቀት ነው የሚፈልገው» ይሉኛል። ከአራተኛው ሱቅ፣ አቧራ ከጠጣ ካርቶን ውስጥ አራት ተገኘልኝ።

በቀጣዩ ማክሰኞ ሲሪንቃን እንዳለፍን፣ እየፈራሁ ማብሪያውን ተጫንኩት። ብርሃኑ ለስለስ ብሎ የሰዉ ፊት ላይ ወረደ። ሽማግሌው ቀደም ብለው «እንደምን አመሻችሁ» አሉ። «እግዚአብሔር ይመስገን» የሚለው፣ «አልሐምዱሊላህ» የሚለው፣ ከፊትም ከኋላም ተባባለ። እኔም ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ ዐይኔን ከመንገዱ ሳልነቅል «እንደምን አመሻችሁ» አልኩ። ለሁሉም ነው ያልኩት፤ ለማን እንደሆነ ግን ሆዴ ያውቀዋል። ብዙ ሰው መለሰልኝ። የእሷን ድምፅ ከመካከል ፈልጌ አጣሁት። እንግዲህ ምን ይደረጋል ብዬ ነዳሁ።

መርሳ ገባን። ሰፈሯ ጋ ስንደርስ እንደ ልማዴ አጠገቧ ያለው ሰው እስኪናገር ጠበቅኩ።

«ወራጅ አለ።»

የራሷ ድምፅ ነበር። ፍሬኑን እንዴት እንደያዝኩት አላውቅም፤ ሽማግሌው ትከሻዬን ጨምድደው ያዙ። እሷ ባዶ ቅርጫቷን ይዛ በሰዉ መካከል እየተሹለከለከች በሩ ጋ ደረሰች። ቆም አለችና ግንባሯን ቋጥራ፣ ጣሪያውን እያየች፣ «እንደምን አመሸህ» አለችኝ።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ እትዬ። አንቺስ እንደምን አመሸሽ?» አልኩ።

«የእማዬ ሙት ዓመት ቅዳሜ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«የቤቱ አምፖል ከተቃጠለ ሰንብቷል። ዕቃህን ይዘህ ና።»

ወረደች። በሩን ልትዘጋው ያዘችና መልሳ ብቅ አለች።

«ቢጫውን ነው ታዲያ» አለችኝ።