የቀኙ መስመር

ልጄ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ በቀን ዘጠኝ መቶ ጥያቄ ትጠይቃለች። እኔ ደግሞ በነቀምቴ ውሸታሞች መካከል አንደኛ ባልሆን ሁለተኛነቴን የሚቀማኝ የለም። ጨዋታችን እንዲህ ነበር፤ እሷ ትጠይቃለች፣ እኔ ሳቄን ዋጥ አድርጌ እዋሻለሁ፣ እሷ ስልኬን ነጥቃ ኢንተርኔት ላይ በነጻ ከሚገኙት የልጆች ትምህርቶች እውነቱን አውጥታ ታዋርደኛለች።

"አባ፣ ወደ ዲጋ ስንሄድ ጨረቃ ለምንድን ነው የምትከተለን?"

"ትኬት ቆርጣ ነዋ!"

ከአምስት ደቂቃ በኋላ፣ "በጣም ሩቅ ስለሆነች ነው! ውሸታም!"

እንደዚያች ስድብ የሚጣፍጥ ነገር ቀምሼ አላውቅም።

ከዚያ በአካባቢያችን ኢንተርኔቱ ተቋረጠ። ለሳምንት መስሎን ነበር፤ ወራት ሆነ። ጥያቄዎቿን ደብተር ላይ ማስፈር ጀመረች፤ በግራ ጥያቄው፣ በቀኝ ባዶ መስመር። "ሲመጣ እሞላዋለሁ" ትላለች።

ተዘግቶ የከረመው መንገድ የተከፈተ ዕለት በአዲስ አበባ መስመር ተሳፈርኩ። የአኖን ከተማ አልፈን ስንርቅ የተሳፋሪው ስልክ ሁሉ በአንዴ ተንጫጫ፤ ግማሹ የከረመ ሰላምታ፣ ግማሹ የከረመ መርዶ። አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ እንባውን እየጠረገ ወደ እኔ ዞረ።

"ኦቦሌሳ፣ ወንድሜ፣ አንተ ዘመድ የለህም? መልእክትህን አታነብም?"

"ትምህርት ቤት እያወረድኩ ነው።"

"ከነጣሪያው?"

"ከነዘበኛው!"

ስመለስ ልጄ እርሳሷን ቀርጻ፣ ደብተሯን ዘርግታ ጠበቀችኝ። ስልኬ ላይ የመጀመሪያውን ትምህርት ነካሁ። "ከኢንተርኔት ጋር ይገናኙ" አለኝ። ሁለተኛውንም፣ ሃያኛውንም። ለካ ተሸክሜ የመጣሁት ርዕስ ብቻ ነው፤ ትምህርቱ እዚያው ቀርቷል።

"ምንም አይደል፣ አባ" አለች። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

ባለፈው ሳምንት ደብተሯን ገለጥኩት። የቀኙ መስመር ሞልቷል። ነጎድጓድ ምንድን ነው? ደመናዎች ቤት ሲለቁ ቁምሳጥን የሚጎትቱበት ድምፅ። ዓሣ ለምን አይሰጥምም? እናቱ ስለምትቆጣ። በንጹሕ ፊደል፣ ከላይ እስከ ታች፣ የእኔው ውሸት።

"ኢንታላ ቶ፣ የኔ ልጅ፣ ይሄ እኮ ቀልድ ነው!"

"አውቃለሁ" አለች። "ሌላ የለንማ።"

"እንግዲያው ውሸታም በይኝ።"

ደብተሩን ከድና ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ከዚያ ወዲህ አንድም ነገር አልጠየቀችኝም።