በሥዩም ደጃፍ ላይ ያለው ዓይን

የማንአልሞሽ እናት ሸክላ ሠሪ፣ አባቷ ቀጥቃጭ ነበሩ። ቡዳ ናቸው፣ በዓይናቸው ሰው ይበላሉ እየተባለ እንስራቸው ይገዛል፣ ምግብ ግን ይሸፈንባቸዋል። ዲቪ ደርሷት ሲያትል ስትገባ ያን ስም አገር ቤት ጥላው የመጣች መስሏት ነበር። የዋህ! ሐሜት መቼ ቪዛ ይጠየቃል?

ከሲያትል ማዶ ቤልቪው ውስጥ የሀብታም መታጠቢያ ቤት ሴራሚክ ስታነጥፍ ኖራ፣ በጠጠር ሥዕል የሚሠራበትን የሞዛይክ ሙያ ተማረች። ምግብ ቤት ሊከፍት ሽር ጉድ የሚለው ሥዩም ይህን ሰምቶ አስጠራት። ቱርክ ሄዶ ያነሳውን ፎቶ አሳያት፤ ዛሬ ቱርክ ውስጥ ያለችው አንጾኪያ በሮም አገዛዝ ሥር የሶርያ ከተማ ሳለች ባለሙያዎቿ ለአንድ ቤት መግቢያ ወለል የሠሩት ሞዛይክ ነው። መሀሉ ላይ ትልቅ ዓይን አለ። ጦር ይወጋዋል፣ ጊንጥ ይነድፈዋል፣ እባብና ውሻ ዘምተውበታል። ክፉ ዓይን ከደጅ እንዲመለስ ነው።

«ለእኔም ይኼን ሥሪልኝ፤ ምቀኛዬ ብዙ ነው» አላት።

በራሷ ስም የተቀበለችው የመጀመሪያ ሥራ ነበር። ያ ደጃፍ ካማረ ከእንግዲህ የሰው ቅጥር መሆን ቀረ። ነፍሷን ሰጥታ ሠራችው፤ አማረም።

ምረቃው ሲቃረብ የሥዩም ሚስት መክሊት መጣች። ማንአልሞሽን ትኩር ብላ አየቻትና ባሏን ወደ ጓዳ ጎተተችው። ለካ ሁለቱ ሴቶች የአንድ አገር ልጆች ናቸው።

«የቀጥቃጩ ልጅ እኮ ናት! ቡዳ ዓይኗን ደጃችን ላይ ተክላብን ልትሄድ?» ስትል ማንአልሞሽ ሰማች።

በማግስቱ ስትገባ ሥዩም ምሳውን እየበላ ነበር። ገና ሲያያት ሶፍት አንሥቶ ሳህኑ ላይ ጣል አደረገ።

«ሶ፣ እኔ እንኳ እንዲህ ያለ ነገር አላምንም» አለ ሳህኑን እንደሸፈነ። «ግን ደንበኛ ይሸሻል። ነቅለሽልኝ ሂጂ፣ ኦኬ?»

ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል፤ የማንአልሞሽ ሞኝነት ግን እዚያ ላይ አበቃ። መዶሻና መሮዋን ይዛ ደጃፉ ላይ ተንበረከከች። ጦሩን ነቀለች። ጊንጡን፣ እባቡንና ውሻውን ሰባብራ ስብርባሪውን በባልዲ አፈሰች። የገዛ እጇን ሥራ ስታፈርስ እንባዋን አላሳየቻቸውም። ዓይኑ ብቻ ሲቀር ተነሥታ ዕቃዋን ሰበሰበች።

«ዓይኑስ?» አለች መክሊት ራቅ ብላ ቆማ።

«ጠላቶቹን በሙሉ አንሥቼለታለሁ» አለች ማንአልሞሽ። «እሱን ደግሞ ከደፈራችሁ እናንተ ንቀሉት።»

የደፈረ የለም። ምግብ ቤቱ ተመርቆ ደንበኛው በፊት ለፊት ይገባል፤ ሥዩምና መክሊት ግን እስከ ዛሬ በጓሮ በር ነው የሚገቡት።