ለዓይኔ የተሰጠ የጣት አሻራ

ባለፈው ማክሰኞ የወንድሜን ልጅ ምሕረትን ይዤ አርባ ምንጭ አንድ ክሊኒክ ሄጄ ነበር። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ አንገቷ ላይ እንቅርት ወጥቶባታል። ሐኪሙ በኦፕራሲዮን ማውጣትም፣ መድኃኒት እየወሰዱ ጥቂት ወራት መጠበቅም እንደሚቻል ነገረን። ነገረን ልበል እንጂ የነገረው ለእኔ ነው። ልጅቷ መካከላችን ተቀምጣ ጣሪያ ጣሪያውን ታያለች። የፈቃዱን ወረቀት ወደ እኔ ገፋ አደረገው፤ እኔም «ይውጣላት» ብዬ ፈረምኩ። ቤት ደርሼ ጫማዬን ሳወልቅ የጋሼ ዘለቀ አውራ ጣት ትዝ አለኝ።

ጋሼ ዘለቀ የአባቴ ታናሽ ወንድም፣ ሸማኔ ነበር። አባቴ ከሞተ በኋላ የጨንቻው ቤታችን አዛዥ እሱ ሆነ። እኔ ያኔ አሥራ ስድስት ዓመቴ፣ ዘጠነኛ ክፍል ነበርኩ። ትራኮማ ይዞኝ ሽፋሽፍቶቼ ወደ ውስጥ ታጥፈው ዓይኔን ይቧጥጡታል። ዓይናችሁ ውስጥ አሸዋ ገብቶባችሁ ያውቃል? የእኔ አሸዋ ሁለት ዓመት ሙሉ አልወጣም። በእኛ ሰፈር የዚህ መድኃኒቱ ወረንጦ ነው። ሴቶቹ በክር አንገታቸው ላይ አንጠልጥለውት ይዞራሉ። ቅዳሜ ቅዳሜ እናቴ ደጅ ፀሐይ ላይ ጭኗ ላይ አስተኝታኝ አንድ በአንድ ትነቅልልኛለች። ሦስት ቀን እፎይ እላለሁ። ከዚያ እንደ ተላጨ ጢም ቆመው ይበቅሉና ይብስብኛል። ይህን እያወቅን መንቀሉን አልተውንም።

አርባ ምንጭ የዓይን ሕክምና አለ ሲባል ሰምቼ እናቴን ለመንኩ፤ እሷ ጋሼን ለመነች። በሐምሌ ጭጋግ፣ የቀርቀሃ አጥሮቹን እያለፍን በጭነት መኪና ወረድን። ቁልቁለቱ ሲያልቅ ብርዱ ለቀቀን፤ ጋቢዬን አውልቄ ጭኔ ላይ አደረግኩት።

ነርሷ ዓይኔን ገልብጣ አየችና ቀጥታ እኔን አናገረችኝ። ያን ቀን ያከበረኝ ሰው እሷ ብቻ ናት።

«የዓይንሽን ቆብ ትንሽ ቆርጠን እናዞረዋለን። ቢፈጅ ሩብ ሰዓት ነው። ካልተሠራ ግን ቀኙ ይጠፋል። አንቺ ምን ትያለሽ?»

«ይሠራልኝ» አልኩ። ድምፄ እንኳ አልተንቀጠቀጠም።

«አሳዳጊዋ እርስዎ ነዎት?» አለችው ጋሼን።

«እኔ ነኝ። ልጅ ናት እኮ፣ ምን ታውቃለች? ዓይኗን ምላጭ ከነካው ማን ያገባታል? ወረንጦ አለን፣ ይበቃናል።»

ነርሷ ለመነችው፣ ተቆጣችውም፤ ያለ እሱ ፈቃድ ግን መሥራት አትችልም። እንቢ ማለቱን የሚገልጽ ወረቀት አቀረበችለት። አውራ ጣቱን ሐምራዊ ቀለም ላይ ጫን አድርጎ አተመ።

ከዚያ ምግብ ቤት ገባን። ጋሼ ቆላ ሲወርድ ዓሣ ይወድ ነበር። የተጠበሰውን በዳጣ እያጠቀሰ፣ በዚያው ሐምራዊ አውራ ጣቱ ከአጥንቱ እየላጠ፣ ዘይቱ በጢሙ እየወረደ እንዲህ አለኝ፤

«በይ ብዪ። የፊታችን እሑድ ሽማግሌ ይመጣልሻል። እንግዲህ ትልቅ ሴት ሆነሻል፣ ቤት ማስተዳደር ትችያለሽ።»

ከነርሷ ክፍል ከወጣን አንድ ሰዓት አልሞላንም።

«ጋሼ፣ ቅድም ልጅ ናት አላሉም?» አልኩት።

ሳቀ። ከጥርሱ መካከል እሾህ አውጥቶ የሳህኑ ጠርዝ ላይ ለጠፈው። ጥዬው ወጣሁ። ከዚያን ቀን በኋላ አንቱ ብዬው አላውቅም።

ከጋብቻው እናቴ አተረፈችኝ፤ ቀኝ ዓይኔን ግን ያተረፈው የለም። ሃያ ዓመት ሲሞላኝ ራሴ ፈርሜ ግራውን አሠራሁ። እውነትም ሩብ ሰዓት ነው የፈጀው። ስፌቱን ዛሬ ተጠግቶ የሚያይ ሰው እንኳ አይለየውም።

ረቡዕ ጠዋት ቁርስ ላይ ምሕረትን «ኦፕራሲዮኑን ትፈልጊዋለሽ?» ብዬ ጠየቅኳት።

ዳቦዋን አስቀመጠች። «መጀመሪያ መድኃኒቱን ብሞክር ደስ ይለኝ ነበር፣ አክስቴ።»

«ታዲያ እዚያው ለምን አልተናገርሽም?»

«ማን ጠየቀኝ?»

አርባ ዓመት ስጸየፈው የኖርኩትን ነገር ራሴ ሠራሁት፤ ያውም ማንም ሳያስገድደኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ የገዛ ራሴ ቀፈፈኝ። ነገ ወረቀቱን ለማሰረዝ እንመለሳለን። እኔ ውጭ አግዳሚው ላይ እቀመጣለሁ፤ የምትገባው እሷ ናት።