ሙዙን በጦስኝ የጨረስኩ ዕለት

ትናንት እህቴ ከደብረ ብርሃን ስትመጣ እርጥብ ጦስኝ በላስቲክ ጠቅልላ አመጣችልኝ። ገና ስፈታው ሽታው ቤቱን ሞላው፤ እኔም ብቻዬን መሳቅ ጀመርኩ። ምን ነካሽ አለችኝ። ምን እንደነካኝማ የማውቀው እኔ ነኝ።

ያኔ ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር። የምግብ ዝግጅት ትምህርቴን ጨርሼ፣ አገሬ ሥራ አጥቼ ተቀምጬ ሳለሁ፣ ሆዮ ሳህራ የሚባሉ (ሆዮ በሶማሊኛ እናት ማለት ነው) የጅጅጋ ምግብ ቤት ባለቤት አብሳይ ይፈልጋሉ ተባለና ተነሣሁ። አባቴ "በሳምንትሽ ትመለሻለሽ" ብሎ ሸኘኝ። እናቴ ግን አንድ እቅፍ ጦስኝ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ ሰጠችኝ። አውቶቡስ ውስጥ ሽታው ሲበረታ፣ ከጎኔ የተቀመጡት ሰውዬ ማን ታሞብሽ ነው ብለው አዘኑልኝ።

ሆዮ ሳህራ ዘንካታ፣ ንግግረ ቁጥብ ሴት ናቸው። አንድ ቀን ምሳ ትሠሪያለሽ፣ ደንበኞቼ ከወደዱልሽ ትቀጠሪያለሽ፣ አለዚያ በነጋታው ወደ አገርሽ አሉኝ። አባቴ በር ላይ ቆሞ ሲስቅብኝ ታየኝ።

ትዕቢት ክፉ ነው። የፍየሉን ሥጋ በነጭ ሽንኩርትና በጦስኝ ሦስት ሰዓት ሙሉ በዝግታ አበሰልኩት። በዚህ አላበቃሁም፤ ጓዳ ያገኘሁትን አንድ ቅርጫት ሙዝ ልጬ፣ በስኳር፣ በሎሚና በጦስኝ ቅጠል ቀቀልኩት። ከምግብ በኋላ በትንንሽ ሳህን ላቀርበው ነው። የተማርኩት ሁሉ እንዲታይልኝ!

ሩዙና ሥጋው ቀረበ። ማንም አልነካውም። ነጋዴው፣ ሾፌሩ፣ የቢሮ ሠራተኛው እጁን ታጥቦ ዝም ብሎ ይጠብቃል። ጸሎት ላይ ናቸው ብዬ እኔም በአክብሮት ዝም አልኩ። በመጨረሻ ሆዮ ሳህራ ወደ ጓዳ ገቡ።

"ሙዙስ?"

"ከምግብ በኋላ ነው፣ ሆዮ።"

"ሩዝ ያለ ሙዝ ማን ይበላል?"

ጉድ ፈላ! የጅጅጋ ሰው ሩዙን በሙዝ እያባላ እንደሚጎርስ ማን ነግሮኝ? እቤቱ ውስጥ ያልተቀቀለ አንድ ሙዝ አልቀረም። ድስቱን ከፍቼ አሳየኋቸው። እኔን አዩኝ፣ ድስቱን አዩት፣ ብድግ አድርገውት ወጡ። እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ቆሜ በሐሳቤ ሻንጣዬን እሸክፋለሁ።

አንድ ሽማግሌ የጨርቅ ነጋዴ ሙዙን ሩዙ ላይ ገልብጠው አንዴ ጎረሱና ቆም አሉ። "ይሄማ መድኃኒት ነው" አሉ። ነፍሴ ልትወጣ ደረሰች። ከዚያ ሳህናቸውን ወደ ሆዮ ሳህራ ገፋ አድርገው ይጨመርልኝ አሉ። ሌላውም ተከተለ፤ ድስቱ ተጠርጎ ተመለሰ።

እንግዶቹ ሲሄዱ ሆዮ ሳህራ ጠሩኝ። "ተቀጥረሻል። ሙዙን ነገም ትሠሪያለሽ።" ደስ ብሎኝ ሳልጨርስ ቀጠሉ፦ "ሥጋውን ግን እኔው እሠራዋለሁ።"

ዛሬ እዚሁ ጅጅጋ የራሴ ምግብ ቤት አለኝ፣ ከኤረር የሚመጡ ሾፌሮች ሳይቀሩ ሙዙን ይጠይቁኛል። እግዜር ይስጣቸው፣ ልጆቼን ያሳደግኩት በሱ ነው። ግን ልናገረው፣ ይቆጨኛል። ያንን የፍየል ሥጋ እስከ ዛሬ የሚያመሰግንልኝ ባሌ ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን መጀመሪያ ፊቴን ያያል።