በቫል ግድብ መልህቋ የከዳት ጀልባ

ቅዳሜ፣ ንጋት 12 ሰዓት፣ ቮስሎሩስ

ሱቁን ለሚስቴ ትቼ ባኪዬን፣ ማለትም ፒክአፕ መኪናዬን አስነሳሁ። የአክስቴ ልጅ ታምራት ከጆሃንስበርግ በስተደቡብ፣ ቫል ግድብ ዳር የጀልባ ዘበኛ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ «መጥተህ እይ» ሲለኝ ኖሮ ዛሬ ተሳካልኝ።

1 ሰዓት፣ ሃይደልበርግ

ነዳጅ ቀዳሁ፤ ትኩስ የሥጋ ፓይ ገዛሁ። ከከተማው ወዲያ መንገዱ ይጠባል። ግራና ቀኙ በቆሎ፣ የሽቦ አጥር፣ የተኙ ከብቶች።

2 ሰዓት፣ ግድቡ

ውሃው ባሕር ያህላል። ሃያ የሚሆኑ ባለሸራ ጀልባዎች መልህቃቸውን ጥለው ቆመዋል፤ ሰው ግን የለባቸውም። ባለቤቶቹ የሚመጡት አልፎ አልፎ ነው። ታምራት ፓፕ በሚባለው የበቆሎ ገንፎና በተጠበሰ ዓሣ ተቀበለኝና እየበላን የሥራውን ሕግ ነገረኝ፦ ባለቤቱ ሳይፈቅድ ማንም ጀልባ ላይ አይወጣም። አምና አንድ ጓደኛው ይህንን ተላልፎ፣ ሌባ ተብሎ ተባሯል።

8 ሰዓት

ሰማዩ ከምዕራብ ጠቆረና ነፋሱ ተነሣ። ታምራት በጣቱ ወደ ውሃው ጠቆመ። አንዲት ነጭ ጀልባ መልህቋን እየጎተተች ወደ ዳርቻው ድንጋይ ትንሸራተታለች። ለጀልባዋ ባለቤት ደወለ፤ አይነሣም። ለአለቃው ደወለ፤ ዝግ ነው። ጀልባዋና ድንጋዩ እየተቀራረቡ ሄዱ።

«ስልክህን አውጣና ቅረጽ» አለኝ። «እስክንመለስ እንዳታቋርጥ።»

በጥበቃው የሞተር ጀልባ ደረስንባት። እኔ መዋኘት አልችልም፤ በአንድ እጄ ስልኩን፣ በሌላው የጀልባውን ጠርዝ ይዤ ቀረጽኩ። ታምራት ዘሎ ወጣና አፍንጫዋ ላይ ወፍራም ገመድ አሰረ። ወደ እኔ ሲመለስ ወደ ነፋሱ አቅጣጫ ነዳን፤ ከዚያ በገመዱ ሌላ ጫፍ የታሰረውን የሞተር ጀልባውን ትልቅ መልህቅ ጣለ። ገመዱ ተወጠረ። ነጯ ጀልባ ቀስ ብላ ፊቷን ወደ ነፋሱ አዞረችና ቆመች። ከድንጋዩ የቀራት አሥር እርምጃ ቢሆን ነው።

10 ሰዓት ተኩል

የነጯ ጀልባ ባለቤት ያመለጠውን ጥሪ ሲያይ ደውሎ ነበርና ከጆሃንስበርግ እየነዳ መጣ። ሽበታም ሰው ነው። መጀመሪያ የጠየቀው ማን ጀልባው ላይ እንደወጣ ነበር። ታምራት «እኔ ነኝ» አለና ስልኩን ከእጄ ወስዶ ሰጠው። ሰውየው ቆሞ ቪዲዮውን እስከ መጨረሻው አየ። ከዚያ ጥፋቱ የራሱ መሆኑን ተናገረ፤ መልህቁን የጣለው በአጭር ገመድ ስለነበር ከሥር አልያዘም። አመሰገነና የጀልባዋን ትርፍ ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ ዘረጋለት።

ታምራት አልተቀበለም። «ቁልፉ ይቅርብኝ ጌታዬ። እርስዎ በሌሉ ጊዜ ችግር ከመጣ መውጣት እንደምችል ግን ይጻፉልኝ።»

ሰውየው ትንሽ አሰበና የመኪናው ኮፈን ላይ ወረቀት አስደግፎ ጻፈና ፈረመ። ታምራት ሁለቴ አነበበውና ከመኖሪያ ፈቃዱ ጋር ላስቲክ ውስጥ ከተተው።

11 ሰዓት ተኩል፣ መመለሻ

ነፋሱ በርዷል። ታምራት እስከ ግቢው በር ሸኘኝ። እኔ ባልኖርና የሚቀርጽ ባይኖር ኖሮ ወደ ጀልባዋ ይሄድ እንደነበር ጠየቅሁት።

በሩን ከፈተልኝ።

«እሄድ ነበር» አለ። «ግን ገመዱን የቋጠርኩት የጓደኛዬን መባረር እያሰብኩ ነበር።»