ገበያ የምታሳይ ክፍል

ሽማግሌው ባለሕንፃ ስለ ሕንፃቸው እኔን የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር። ፎቁ ስንት ይሁን፣ መስታወቱ ምን ዓይነት ይሁን፣ ሱቁ በስንት ይከፈል፣ ይህን ሁሉ ለአለቃዬ ትተውላቸው ነበር። ዳንግላ መሀል ከተማ፣ ከገበያው አጠገብ ባለው ቦታቸው ላይ፣ ከታች ሱቅና ባንክ፣ ከላይ ቢሮ የሚሆን ሕንፃ እንዲነደፍላቸው እንጅባራ ወዳለው ቢሯችን መጥተው ነበር። ስብሰባው አልቆ ሰው ሲነሣ ወደ እኔ ጠጋ አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፦

"ልጄ፣ ለኔ አንዲት ክፍል አውጪልኝ። ቁጭ ብዬ ገበያውን የማይባት" አሉኝ።

"እሺ ጋሼ" አልኳቸው።

ቦታውን ገና አላየሁትም ነበር።

"እሺ" ማለት የቆየ ሕመሜ ነው። ዩኒቨርሲቲ እያለሁ መምህራን ሥራዬን ሲተቹ፣ ትችቱ ትክክል ይሁን አይሁን ሳላስብ "እሺ" እላለሁ፤ ከዚያ ማደሪያዬ ገብቼ መልሱን ለግድግዳው እነግረዋለሁ። ቢሮ ከገባሁ በኋላም አልተሻለኝም። ያን ሳምንት ዳንግላ ወርጄ ቦታውን ሳየው፣ በገበያው በኩል የጎረቤት መጋዘን ቆሟል። ረጅም፣ መስኮት የሌለው ግድግዳ ነው። ከዚያ ቦታ ላይ ቁጭ ብሎ ገበያ ማየት አይቻልም ነበር።

ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። እኔ ግን ዘዴ ፈለግሁ። የሽማግሌውን ክፍል ከሕንፃው ገፍቼ በጓሮው ግቢ ላይ አወጣኋት። መጋዘኑን አልፋ ወደ ገበያው አንገቷን ታሰግጋለች። ተንጠልጥላ እንድትቀር የሕንፃውን ጥንካሬ የሚያሰላው የስትራክቸር ባለሙያ እምቢ ስላለ ከሥሯ አንድ ምሰሶ አቆምኩላት፤ ግቢው መሀል ላይ። ያ ግቢ የሱቆቹ ዕቃ የሚራገፍበት ነው፤ መግቢያው በጠባብ የጓሮ መንገድ ነው። የምንሠራበት የኮምፒውተር ፕሮግራም ውስጥ የተዘጋጁ የመኪና ሥዕሎች አሉ። የጭነት መኪናውን አምጥቼ ግቢው ውስጥ አስገባሁት፤ ከምሰሶው አጠገብ ይቆማል፤ ሲጨርስ በኋላ ማርሽ ይወጣል። ጠባብ ቢሆንም ይበቃል። ከተማ አስተዳደሩም ተቀበለው። አለቃዬ ክፍሏን አይተው "ጎበዝ፣ ደንበኛ ማለት እንዲህ ነው የሚያዝ" አሉኝ። እሳቸው ሰው አያመሰግኑም፤ ስለዚህ ቃሉን ለብዙ ቀን ይዤው ዞርኩ።

ግንቦት መጨረሻ ላይ የመሠረቱ ጉድጓዶች ተቆፍረው አለቁ። ኮንክሪቱ ሐሙስ ጠዋት ሊሞላ፣ እኔ ረቡዕ ከሰዓት ሄጄ የብረቱን አሠራር እንድመረምር ተላክሁ። ከሚኒባስ ስወርድ ዝናብ ጀምሮ ነበር፤ ባጃጅ ጠፋ። አንድ ጋሪ ላይ ወጣሁ። ባለጋሪው በአባቴ ዕድሜ ያሉ፣ ኮፍያቸው ላይ ፌስታል ያጠለቁ ሰው ናቸው። ፈረሳቸውን በአውኚ ያናግሩታል፤ እኔን በአማርኛ።

የጓሮው መንገድ አፍ ላይ ስንደርስ አቆሙ።

"እስከ ቆርቆሮው አጥር ያድርሱኝ" አልኳቸው።

"ገብቼ በምን ልውጣ፣ እታለም?"

"ወደ ኋላ ነዋ።"

ከት ብለው ሳቁ። "የኔ ፈረስ የኋላ ማርሽ የለውም።"

ጫማዬን አዩት፤ ጭቃውን አዩት፤ ከዚያ "እንግዲህ ግድ የለም" ብለው ገቡ። ቆርቆሮው ጋ ስንደርስ እንዳሉትም መውጫ የለም። ወርደው ፈረሱን ፈቱት። ልጓሙን እኔ እጅ ላይ ጥለው ጋሪውን ብቻቸውን እያነሡ፣ እየጎተቱ፣ እየረገሙ ያዞሩት ጀመር። ፈረሱ ትኩስ ትንፋሹን እጄ ላይ ይተነፍሳል። ፈራሁና ራቅ አድርጌ ያዝኩት።

"የማን አገር ልጅ ነሽ?"

"የእንጅባራ።"

"ወይ ጉድ! የፈረስ አገር ልጅ ሆነሽ ፈረስ እንደ እባብ ትይዣለሽ?"

አፈርኩ። ጋሪውን አዙረው ፈረሱን መልሰው ሲያስሩ ወደ ቆርቆሮው በአገጫቸው እያሳዩ ጠየቁኝ።

"ይሄ ፎቅ ሲያልቅ የሱቁ ዕቃ በየት ሊገባ ነው?"

"በዚሁ።"

"በምን?"

"በመኪና።"

"ለሦስት ኩንታል በርበሬ ከመነኻሪያ እስከዚህ መኪና? ማን ነው እንዲህ ያለው ቀባጣሪ?"

ያለው ቀባጣሪ እኔ ነበርኩ። በዚህ ከተማ ከመነኻሪያ ወደ ሱቅ፣ ከሱቅ ወደ ገበያ ዕቃ የሚያመላልሰው ጋሪ ነው። ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ማንም ያውቀዋል። ግን ፕሮግራሙ ውስጥ የጭነት መኪና፣ አውቶቡስ፣ ብስክሌት፣ ቦርሳ የያዘ ሰው ሳይቀር ሲኖር፣ ፈረስ አልነበረም። እኔም አልፈለግሁትም።

ሜትሬን አወጣሁ። "ይቅርታ፣ ልለካዎት?" አልኳቸው። ከፈረሱ አፍንጫ እስከ ጋሪው መጨረሻ ለካሁ። ፈረስ ቦታው ላይ ሲዞር ምን ያህል እንደሚፈልግ ጠየቅኳቸው፤ በእርምጃ አሳዩኝ። ግቢ ገብቼ ከምሰሶው ጉድጓድ እስከ ግድግዳው መስመር ለካሁ። በግራም በቀኝም አይበቃም። ምሰሶው ባይኖር ግን ይበቃል፤ ተርፎም ይተርፋል።

ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆምኩ። የታሰረው ፌሮ ብረት እንደ ቅርጫት ተቀምጧል። ነገ ኮንክሪት ከገባበት በኋላ ማንም አያነቃንቀውም፤ ሕንፃው እስካለ ድረስ ፈረስ የሚገባበት እንጂ የሚወጣበት አይኖርም። ስህተቱን ማንም አላየውም፤ ያወቅሁት እኔ ብቻ ነኝ።

ለፎርማኑ ነገርኩት። "ኧረ እባክሽ፣ እኔ የተሳለውን ነው የምሠራው። ነገ አለቃሽ ኢንጂነሩ ይመጣሉ፣ ለሳቸው ንገሪያቸው" አለኝ። አለቃዬ ጋ ደወልኩ፤ ኔትወርክ የለም። ደግሜ ደወልኩ፤ የለም። በሦስተኛው ነበረ፤ ሁለት ጊዜ ጠራ፤ ሳይነሣ ዘጋሁት። ለጠየቀኝ ሁሉ ኔትወርክ አልነበረም ብያለሁ። የዘጋሁት እኔ ነኝ።

ባለጋሪው መንገዱ አፍ ላይ ዝናቡ እስኪያባራ ቆመው ነበር። ወደሳቸው ተመለስኩ።

"ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ጭነው ይመጡልኛል?"

"ምን ልጫን?"

"ያገኙትን።"

"ወዴት ላድርሰው?"

"የትም። ለመዞር ብቻ ነው።"

"የተማረ ሰው ሥራ!" አሉና ፈረሱን ነካ አደረጉት።

ሐሳቤ ግልጽ ነበር፤ እኔ ከምናገር ፈረሱ እንዲናገርልኝ።

ሐሙስ ጠዋት ሰማዩ ጠቁሮ ነጋ። ጉድጓዶቹ ሌሊት ውኃ ገብቶባቸው፣ ውኃው በባልዲ ተቀድቷል። ፎርማኑ "ዛሬ ካልሞላን ይናዳል" እያለ ይሯሯጣል። አለቃዬ ከእንጅባራ ደርሰዋል። ሽማግሌው ጃንጥላ ይዘው አንድ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ ነጭ ልብስ ለብሰው። ሲያዩኝ በዓይናቸው ወደ ሰማይ አመለከቱኝ፤ ክፍላቸው የምትሆንበትን ቦታ ነው።

ጉድጓዶቹ ዐሥራ ስድስት ናቸው። መሙላት የጀመሩት ከአስፋልቱ በኩል ነው፤ የኔው የመጨረሻው ነው። ሁለት ሰዓት ሆነ፤ ጋሪ የለም። አራተኛው ጉድጓድ ሞላ። ወደ አለቃዬ ሄድኩ፤ ስልክ ላይ ናቸው። ስድስተኛው ሞላ። እንደገና ሄድኩ። "ምን ፈለግሽ?" ሲሉኝ "ብረቱን አይቼዋለሁ፣ ደህና ነው" አልኳቸው። እውነት ነው፤ ብረቱ ደህና ነበር። ዘጠነኛው። የኮንክሪቱ ሚክሰር ይጮኻል፤ ሠራተኞቹ በባለአንድ ጎማ የእጅ ጋሪ ድንጋይ እየገፉ ይዘፍናሉ። ሦስት ሰዓት አለፈ። መንገዱን በየደቂቃው አያለሁ። ባጃጅ ያልፋል፤ እንጨት የተሸከመች ሴት ታልፋለች፤ የኔ ባለጋሪ ግን የሉም። ዐሥራ ሦስተኛው ሞላ። የሚናገርልኝ እንደሌለ ያኔ ነው የገባኝ።

ዐሥራ አምስተኛውን ጨርሰው ኮንክሪት የሚያፈሱበትን ጣውላ ወደ መጨረሻው አዞሩት። አፌን ከፈትኩ፤ ድምፅ አልወጣም። እግሬ ግን ወረደ። ጉድጓዱ ውስጥ ገብቼ ፌሮው ላይ ቆምኩ።

"ምን ሆነሻል? ውጪ እንጂ!" አለ ፎርማኑ።

"አትሙሉት።"

"ምን አለች?"

"አትሙሉት። ምሰሶው እዚህ መሆን የለበትም።"

ሚክሰሩን አጠፉት። ዝም ሲል የባሰ ነው፤ የሁሉም ሰው ጆሮ እኔ ላይ ሆነ። አለቃዬ ጉድጓዱ አፍ ላይ መጥተው ቁልቁል አዩኝ።

"የማን ነው ዲዛይኑ?"

"የኔ።"

"ስህተቱስ?"

"እሱም የኔ ነው። ጋሪ ገብቶ መዞር አይችልም። ፈረስ ረስቻለሁ።"

ከሠራተኞቹ አንዱ ሳቀ። አለቃዬ አልሳቁም። "ጋሪ? ከተማው እየተለወጠ፣ ከአምስት ዓመት በኋላ የማይኖር ነገር ብለሽ ነው ሥራ የምታስቆሚው?"

"ሕንፃው የሚከፈተው ከአምስት ዓመት በኋላ አይደለም፣ ኢንጂነር።"

እንዲህ ማለቴ ለራሴም አስደነገጠኝ። ሽማግሌው ከወንበራቸው ተነሡ።

"ይሄ ምሰሶ የትኛውን ነው የሚይዘው?" አሉ። ያውቁታል። ከአፌ ሊሰሙት ፈልገው ነው።

"የርስዎን ክፍል፣ ጋሼ።"

"ከሌለ?"

"ክፍሏ ወደ ኋላ ትመለሳለች። ገበያው አይታይም።"

ጃንጥላቸውን ዘጉት። ያን ያህል ሲናደዱ አይቻቸው አላውቅም፤ አልጮኹም ግን። "በዚያን ቀን እሺ አላልሽኝም?"

"ብያለሁ። ማለት አልነበረብኝም።"

አለቃዬ "በምን ታረጋግጫለሽ?" አሉኝ። ከጉድጓዱ ወጣሁ። ከፎርማኑ ኖራ ተቀብዬ በአስፋልቱ በኩል፣ ከአጥሩ ውጭ ባለ ባዶ ሜዳ ላይ፣ ግቢውን በልኩ አሰመርኩት። በምሰሶው ቦታ ባዶ በርሜል አቆምኩ። አንዱ መስመር ጠመመ፤ ደግሜ አሰመርኩት። በዚህ መሀል ነው የጋሪ ድምፅ የሰማሁት።

"ዘገየሁ፣ እታለም፣ ተሳፋሪ አግኝቼ ነው" አሉ ባለጋሪው። አራት ጆንያ ድንች ጭነዋል።

ሽማግሌው ማንንም ሳይጠይቁ ድንቹ ላይ ወጥተው ተቀመጡ። "ንዳው እስቲ" አሉ።

ፈረሱ ኖራው ውስጥ ገባ። ባለጋሪው በግራ ሊያዞሩት ሞከሩ፤ የፈረሱ ደረት ከመስመሩ ወጣ። በቀኝ ሞከሩ፤ መንኰራኩሩ በርሜሉን መታው፤ በርሜሉ እየተንኳኳ ሲንከባለል ፈረሱ ደነገጠና ሁለት እግሩን አነሣ። ሠራተኞቹ ጮኹ። ሽማግሌው በሁለት እጃቸው ጆንያ ጨብጠው ተንጋለሉ፤ ነጭ ልብሳቸው አፈር ለበሰ። ባለጋሪው ልጓሙ ላይ ተንጠልጥለው አረጋጉት። አንድ ሰው ብገድልስ ብዬ አሰብኩ።

"ይውረዱ፣ ጋሼ" አሉ አለቃዬ።

"አልወርድም። በርሜሉን አንሡት።"

በርሜሉ ተነሣ። ፈረሱ ዞረ፤ ቀስ ብሎ፣ ማንም ሳይገፋው፣ ወደ ገባበት ፊቱን መልሶ ቆመ። ሽማግሌው ድንቹ ላይ እንደተቀመጡ ወደ ላይ አዩ፤ ጠዋት በዓይናቸው ወዳሳዩኝ ቦታ። ዝናቡ ጀመረ።

"ጉድጓዱን ድፈኑት" አሉ በመጨረሻ። እኔን ሳያዩኝ ሄዱ።

አለቃዬ ሥራውን ከእጄ ወሰዱት። ሥዕሉ ታርሞ እንደገና ለከተማ አስተዳደሩ ሲቀርብ እኔ የትምህርት ቤት አጥርና የጥበቃ ቤት እየሳልኩ ነበር። ከሥራ አልተሰናበትኩም፤ ለብዙ ወራት ግን ስብሰባ ላይ ማንም አልጠራኝም። እንደኔ ላለች ሰው ይህ ቅጣት አይመስልም ይሆናል፤ ግን ቅጣት ነበር።

ዘንድሮ የሕንፃው ጣሪያ ሲያልቅ ስልኬ ጮኸ። ሽማግሌው ራሳቸው ናቸው። "ሜትርሽን ይዘሽ ነይ" ብለው ዘጉት። ሜትሬን ይዤ ሚኒባስ ተሳፈርኩ።

ክፍሏ ውስጥ ብቻቸውን ተቀምጠው ጠበቁኝ። ጠባብ ናት። በመስኮቱ የሚታየው የመጋዘኑ ግድግዳ ነው፤ ከሥር ደግሞ ግቢው። ሰላምታ ሰጥቼ ቆምኩ። ታች፣ ሥራ ለጀመረው ሱቅ አንድ ጋሪ ስኳር ጭኖ ገባ፤ ተራገፈለት፤ ዞሮ ወጣ። ሁለታችንም እስኪወጣ አየነው።

"ያን ቀን ክፍሉን ስለምንሽ አይሆንም ብትዪኝ ምን የምልሽ መሰለሽ?"

"ይቆጡኛል ብዬ ፈራሁ።"

"እቆጣሽ ነበር። ከዚያስ?"

የተቀመጡበትን ወንበር በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት።

"አናጺው ወንበሩን ከፍ አድርጌ እሠራልዎታለሁ ብሎኛል። ይህን ያህል" አሉ፣ እጃቸውን ከወለሉ አንሥተው። "ያኔ ከግድግዳው በላይ ገበያው ይታየኛል?"

ድምፃቸው ያን የመጀመሪያውን ቀን ይመስል ነበር፤ ዝቅ ያለ፣ የሚለምን። "እሺ" የሚለው ቃል ምላሴ ላይ መጣ። ሜትሬን ዘረጋሁ። ወንበሩን ለካሁ፤ የዓይናቸውን ከፍታ ለካሁ፤ መስኮቱ ጋ ሄጄ የመጋዘኑን ጫፍ አየሁ። ወረቀት ላይ ሁለት ጊዜ አሰላሁት፤ ሁለቱም አንድ ሆነ።

"አይታይዎትም፣ ጋሼ" አልኳቸው።