ሰበታ ላይ ያስተረጎምኩት ስብሰባ

ባለፈው ሳምንት ከሱሉልታ ወደ አዲስ አበባ በሚኒባስ ስሄድ ሾፌሩ ሬዲዮ ከፍቶ ነበር። ዜና አንባቢዋ ስለ አንድ የከተማ ስብሰባ አውርታ «ነዋሪዎቹም ደስታቸውን ገልጸዋል» ብላ ደመደመች። አጠገቤ ያለችው ወጣት ስልኳን ትነካካለች፤ የእኔ ደም ግን ፈላ። በዚህ ዕድሜ በአንድ ዜና መናደዴ ለራሴም ይገርመኛል። ነገር ግን ያ «ደስታ» እንዴት እንደሚገለጽ በዓይኔ አይቻለሁ።

ያኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ሰበታ ውስጥ ቀበሌ በጊዜያዊነት ተቀጥሬ ነበር። ወሩ ሰኔ ነው፤ መንገዱ ጭቃ፣ ሜዳው ገና መለምለም የጀመረበት። ከመንደራችን በላይ ካለው ፋብሪካ የሚወርደው ፍሳሽ ግን ወንዙን አጥቁሮት ነበር። ሽታው ቤት ድረስ ይገባል። እናቴ የሠራችው ሽሮ እንኳ እሱን እሱን ይል ነበር። መጀመሪያ ከብቱ አለቀ፤ ቀጥሎ ሕፃናቱን ተቅማጥ ያዛቸው። ገበሬዎቹ አቤት ብለው ብለው ሲሰለቹ «ከላይ ባለሥልጣን ይመጣል» ተባለ። ሰውዬው ኦሮምኛ ስለማይችል እንዳስተረጉም ታዘዝኩ። እኛ ቤት የምንጣላውም የምንታረቀውም በሁለቱም ቋንቋ ስለነበር ሥራው አላስፈራኝም።

ሰው ከጠዋት ጀምሮ አዳራሹ ውስጥ ተቀምጦ ጠበቀ። ባለሥልጣኑ የመጣው ከቀትር በኋላ ነው። ፊቱ የታሸገ ውሃና ቆሎ ተደርድሮለታል። የቀበሌያችን ሰብሳቢ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ብሎ «ቆጣ ያለ ነገር ከተናገሩ ለስለስ አድርጊው፤ እሺ የኔ ልጅ?» አለኝ።

እንግዳው ስለ ልማት ብዙ ካወራ በኋላ አዴ ብርቄ የሚባሉ የመንደራችን እናት ተነሡ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰዋል፤ በዚያው ተቅማጥ የሞተውን የልጃቸውን ልጅ የቀበሩት ያለፈው እሑድ ነበር። ወደ ሰውዬው በአገጫቸው እያመለከቱ «ኢጆሌ ቀባ?» ብለው ጠየቁኝ።

«ልጆች አልዎት ወይ? እያሉ ነው» አልኩት።

«ይሄ ከአጀንዳው ጋር ምን ያገናኘዋል?» አለ።

መልሱን ስነግራቸው አልጮኹም፤ አላለቀሱምም። ረጋ ብለው በኦሮምኛ ቀጠሉ፦ «ሰው ሲሞት የተጣላ ጎረቤት እንኳ ለቅሶ ይደርሳል። የእኛ ልጆች ሲሞቱ ከእናንተ አንድ ሰው ብቅ አላለም። ካሣ ስጡኝ አላልኩም። ልጅ ካለው ይገባዋል ብዬ ነው የጠየቅሁት።»

ሳላለሰልስ፣ ሳልቀንስ ነገርኩት። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ሰውዬው ሰዓቱን አየና «ልማት መሥዋዕትነት ይጠይቃል በያቸው» አለኝ።

ነገርኳቸው። የሚሠዋው ማን እንደሆነ እዚያ ውስጥ የማያውቅ አልነበረም። ኦቦ ገመዳ የተባሉ ሽማግሌ ዱላቸውን አንሥተው ወጡ። አዴ ብርቄ ተከተሏቸው፤ ከዚያም ሁሉም ወጣ።

ሰብሳቢው ባዶ አግዳሚዎች ፊት ቆሞ «እንግዲህ ተሳታፊዎቹ ገለጻውን በደስታ ተቀብለዋል» አለ። እንደዚያ ቀን ተናድጄ አላውቅም።

«የትኞቹ ተሳታፊዎች?» አልኩ። «አልተቀበሉም! ጥለውት ሄዱ እኮ!»

ባለሥልጣኑ እንዳልሰማ ሆኖ ቆሎውን ዘግኖ ወደ መኪናው ሄደ። በማግስቱ ከሥራ ተባረርኩ። አባቴ ይቆጣኛል ብዬ ስፈራ «ደግ አደረግሽ» ብሎኝ ምሳውን መብላቱን ቀጠለ። ፍሳሹ ግን አልቆመም። መንደሩ እርስ በርሱ ተጋግዞ የውሃ ጉድጓድ ቆፈረ፤ አዴ ብርቄ ወንዙን ማየት አልችልም ብለው ተፍኪ ከተማ ወንድማቸው ዘንድ ገቡ፤ እዚያው አረፉ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ሹም ሲመጣ ብዙ ሹም ሲሄድ አየሁ። ቡራዩ ያሉት ዘመዶቼም ሆኑ ሱሉልታ ያለችው ልጄ ዛሬም የሚነግሩኝ ያንኑ ነው፦ ስብሰባ ሞልቷል፤ የሚሰማ የለም። አገራችን ችግረኛ መሆኗን ሕዝቡ ከሹሞቹ በላይ ያውቃል፤ የኖረበት ነዋ። «አቅም የለንም» የሚለውን መሪ ይታገሣል። የማይታገሠው ሐዘኑን የሚንቅበትን ነው።

ያ ሰው «አዎ፣ ልጆች አሉኝ፤ እግዚአብሔር ያጽናዎት» ቢል ምን ነበረበት? ወንዙ በዚያ ቀን አይጠራም ነበር። እኛ ግን የሚያስተዳድረን ሰው መሆኑን እናውቅ ነበር። ያቺን አንዲት ቃል መንፈጉ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።